ቁልፉ በአባወራው እጅ ይቆይ

ሞኝነቴን በማመን ልጀምር። አራት ወር ሙሉ፣ የግራ ዓይኔ እየጠፋ መሆኑን እያወቅኩ፣ ናይሮቢ ውስጥ መኪና ነድቻለሁ። ይህን ስናገር አላፍርም ብል እዋሻለሁ። ግን ሃምሳን ካለፍኩና ፀጉሬም ጥሎኝ ከሄደ ወዲህ ከማፈር ይልቅ መናደድ ይቀናኛል። የምናደደው በዓይኔ አይደለም። የምናደደው በዚያ በአርባ ምናምን ዓመቱ ሰውዬ ነው፤ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ መሪ ጨብጦ፣ ግማሽ መንገድ ብቻ እያየ በሚያፏጨው። ዛሬ ባገኘው አንድ ሁለት ጥያቄ እጠይቀው ነበር። ከግራው በኩል ቆሜ ብጠይቀው ግን አያየኝም።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ነው። የምንኖረው ሳውዝ ሲ ነበር፤ ከሞምባሳ ሮድ ገባ ብሎ፣ ግማሹ ሰው የአገራችን ወይም የጎረቤታችን ልጅ የሚመስልበት ሰፈር። ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ጊጊሪ ካሉት የተባበሩት መንግሥታት ቢሮዎች ስብሰባ ወይም ስልጠና ሲኖራቸው ይደውሉልኛል፤ ሄጄ ሌላ ሰው ያሰበውን በአማርኛ አወራለሁ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተመቸ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ ታወራለህ፣ ለአንዱም ቃል ተጠያቂ አይደለህም።

ዓይኔን ያወቅኩት በሳሙና ነው። አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሳሙናው ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባና ጨፈንኩት። በግራዬ መስታወቱን ባየው ፊቴ የለም። መሃል ላይ አፍንጫዬ አለ፤ እሱን መቼም መሳት አይቻልም። ዙሪያው ግን ጭጋግ ነው። ጤነኛ ሰው እንዲህ ሲገጥመው ምን ያደርጋል? ሚስቱን ይጠራል። እኔ ምን አደረግኩ? ሳሙናውን ቀየርኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በየቀኑ ይታየኝ ጀመር፤ ማለቴ አልታይ ይለኝ ጀመር። የግራ ትከሻዬ ያልመታው የበር መቃን የለም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰዎች በግራዬ በኩል እያለፉ ሰላም ይሉኛል፤ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ወሬው ደረሰኝ፦ "ጊጊሪ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ኮራ።" ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ሄዶ "ኧረ ዓይኔን አሞኝ ነው" ይል ነበር። እኔ ግን ወሬውን ወደድኩት። ኩሩ መባል ምን አለው? ዕውር ከመባል ይሻላል ብዬ አገጬን ትንሽ ከፍ አድርጌ መሄድ ጀመርኩ። አገጭ ከፍ ሲል ደግሞ ደረጃ አይታይም። አንድ እሑድ ደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት በደረቴ ተዘረጋሁ።

ሚስቴ ሞኝ አይደለችም። በግራዬ በኩል ያስቀመጠችውን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ ስደፋው ቆጥራለች።

"ዓይንህን አሞሃል እንዴ?" አለችኝ።

"ማን? እኔ?"

"ሌላ ማን አለ እዚህ?"

"ብርጭቆውን ጠርዝ ላይ እያስቀመጥሽው እኮ ነው።"

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጠየቀችኝ። እኔም በየሳምንቱ አዲስ ጥፋተኛ አገኘሁ፤ አንዴ ድካም፣ አንዴ የኮምፒውተር ብርሃን፣ አንዴ የናይሮቢ አቧራ።

ለምን አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ያናድዳሉ። አንደኛ፣ ታመምኩ ማለት አልችልም ነበር። አባቴ ታሞ አይቼው አላውቅም፤ ሞቶ ግን አይቼዋለሁ። ሁለተኛው የመኪናው ቁልፍ ነው። ሚስቴ ናይሮቢ ውስጥ መንጃ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ተፈትና፣ በአንደኛ ዙር ያለፈች ሴት ነች። እኔ ያገሬን መንጃ ፈቃድ ቀይሬ ነው የምነዳው፤ እዚህ አገር በግራ እንደሚነዳ እንኳ የተማርኩት ሰው እየሰደበኝ ነው። ግን መኪናውን የምነዳው እኔ፣ መንጃ ፈቃዱ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው የእሷ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ "አትንዳ" ሊለኝ ነው። አትንዳ ካለኝ እሷ ልትነዳኝ ነው። እሷ እየነዳችኝ ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መግባት አለብኝ።

እዚያ ግቢ ውስጥ ከዓመት በፊት አንድ ወንድማችን እግሩን ተሰብሮ ሚስቱ እየነዳች ሲመጣ፣ ወንዶቹ ከብበውት "ሹፌር ቀጠርክ እንዴ? ደሞዟስ እንዴት ነው?" እያሉ ፈጅተውት ነበር። ሰውየው እየሳቀ ቆየና በሚቀጥለው እሑድ ከነጀሶው ራሱ እየነዳ መጣ። ያቺን የሹፌር ቀልድ መጀመሪያ የተናገራት ማን መሰላችሁ? እኔ ነኝ። ሰው ሲስቅልኝ ጊዜ ሦስት ጊዜ ደጋገምኳት።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ከጊጊሪ የተደወለልኝ። የሁለት ቀን ስልጠና ነው፤ ሰልጣኞቹ ሃያ የሚሆኑ የእኛ ሰፈር ወንዶች። ርዕሱ፦ ወንድነት። ልተረጉም የመጣሁት ቃል ደግሞ ያን ጊዜ ለጆሮዬ አዲስ የነበረ "ቶክሲክ ማስኩሊኒቲ"። አሰልጣኟ ኬንያዊት ነች፤ ረጋ ያለች፣ መነጽሯ በገመድ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለ ሴትዮ። ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ሳላስበው "መርዛማ ወንድነት" አልኩ።

ሃያ ወንበር ባንድ ጊዜ ተንቋቋ።

"ምን? ወንድነቴ መርዝ ነው ያለችው?" አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ።

"እኔ አይደለሁም፣ እሷ ነች" አልኩ ወዲያው።

"ልጆቼን ያሳደግኩት በመርዝ ነው?"

"ንገራት፣ እኛ አገር ወንድ ማለት ሌላ ነው በላት!" አለ ሌላው።

ነገርኳት። ሴትዮዋ ምንም አልደነገጠችም። "ምግብ መርዝ ነው አላልኩም" አለች በእኔ አፍ። "የተበላሸ ምግብ አለ ነው ያልኩት። አንድ ሰው ታሞ ወንድ ስለሆነ ብቻ አልታከምም ቢል፣ ፈርቶ ሳለ ወንድ ስለሆነ ብቻ ቢደበድብ፣ የማያውቀውን ወንድ ስለሆነ ብቻ አውቃለሁ ቢል፣ ያ የተበላሸው ነው። እሱን እየበላ ራሱም ይታመማል፣ ቤተሰቡንም ያሳምማል።"

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ ጥሩ አድርጌ ነው የተረጎምኩት። ድምፄን ዝቅ፣ ከፍ አደረግኩ። "ታሞ አልታከምም ቢል" የምትለዋ ላይ ደግሞ ከራሴ ጨምሬ፣ "ለምሳሌ ዓይኑን፣ ጥርሱን፣ ልቡን" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ወፍራሙ ሰውዬ ራሱ ወለሉን ማየት ጀመረ። ለሻይ ስንወጣ አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ "ወንድሜ፣ አንተ መምህር መሆን ነበረብህ" አለኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ዞር ስል በግራዬ የቆመውን ሰሌዳ ከነእግሩ ገነደስኩት።

ከሰዓት በኋላ ክርክሩ ቀጠለ። ግማሹ "ይሄ ፈረንጅ ትዳር ለማፍረስ ያመጣው ቃል ነው" ይላል። ግማሹ ደግሞ ቃሉን ወዶት አንዱ ሌላውን ሊሰድብበት ጀመረ፤ "አንተ መርዛማ፣ ወንበሬን መልስ!" ይባባላሉ። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ሁለቱንም ወገን በእንግሊዝኛ እተርካለሁ። ያኔም ዛሬም ሁለቱም ያበሽቁኛል። የሚሳደበው ቃሉ የሌላ ሰው በሽታ መስሎታል። የሚቆጣው ደግሞ ቃሉን ካባረረ በሽታውም አብሮ የሚባረር መስሎታል። እኔስ? እኔ የሁሉንም አስተርጓሚ ነበርኩ። የእኔ ወገን የሻይ ዕረፍት ነበር።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ እንደ ቀልድ ነገርኳት። ሰውየውን ሆኜ፣ ሴትዮዋን ሆኜ፣ ወንበሩን ሁሉ ሆኜ አሳየኋት። አልሳቀችም።

"እስቲ ትርጉሙን እንደገና በለው" አለችኝ።

"በቃ፣ ወንድ ነኝ ብሎ ራሱንም ሰውንም የሚጎዳ ማለት ነው።"

"ጥሩ ቃል ነው?"

"ስም ነው እንግዲህ። ስም የሌለውን ነገር ማውራት አይቻልም።"

"አሁን ስም አለው አይደል? እናውራው። ዓይንህስ?"

"ኤጭ! አንቺ ደግሞ ከዓይኔ ውጪ ወሬ የለሽም!" አልኩና ተነስቼ ወጣሁ። የወጣሁት ግን በበሩ መቃን በኩል ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ የነበረች ልጄን ከጓደኛዋ ቤት ይዣት ስመለስ፣ ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ የሆነ ነገር ኳ! ሲል ሰማሁ። የግራው መስታወት ተነቅሏል። ኬንያ ውስጥ ሹፌር በቀኝ ነው የሚቀመጠው፤ በግራ በኩል ያለው የመንገዱ ዳር ነው። እግረኛውም፣ ሱቁም፣ ጋሪውም ያለው እኔ በማላየው በኩል ማለት ነው። የገጨሁት ምኮኮቴኒ ነበር፤ በሰው የሚጎተት ባለሁለት ጎማ ጋሪ። ቢጫ የውሃ ጀሪካን እስከ አፉ ተጭኖበታል። ጋሪው ተገልብጦ ጀሪካኖቹ ወደ አስፋልቱ ተንከባለሉ፤ ጋሪ ጎታቹ ጉልበቱ ተልጦ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል።

ወረድኩና ምን ብል ጥሩ ነው? በተሰባበረ ስዋሂሊዬ "አታይም ወይ?" ብዬ ጮህኩበት። በእግዚአብሔር፣ እኔ! እሱን!

ሰውየው ጉልበቱን እየጠረገ ቀና ብሎ አየኝ። የቁጣ ምልክት እንኳ የለበትም። "እኔማ አየሁህ፣ ምዜ" አለ፤ ምዜ ሽማግሌ ለሚሉት ሰው ነው። "አይቼህ ቆሜ ጠበቅኩህ።"

ሰው ተሰበሰበ። ጀሪካኖቹን አብሬው ለቀምኩ፤ ጋሪውን ይዘን አቃናነው። መኪናው ውስጥ ስገባ ልጄ ከፊት ወንበር፣ በግራዬ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ ታለቅሳለች።

"ፖሌ፣ አይዞሽ የእኔ ልጅ፣ ደነገጥሽ?"

"አባዬ፣ ሰውየው እኮ ቆሞ ነበር። ላይክ፣ ዝም ብሎ ቆሞ! ጮኼብህ እኮ ነበር።"

"ፀሐይዋ ፊቴ ላይ..."

"ፀሐይ የለም አባዬ።"

እውነቷን ነው፤ ደመና ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ስመለስ ሚስቴ "እሑድ ከሰዓት ሽማግሌዎች ይመጣሉ" አለችኝ። ሻይ እየቀዳች ነው የተናገረችው። እኔ ግን ያነሳሁትን ብርጭቆ መልሼ አስቀመጥኩ። በእኛ ወግ ሚስት ሽማግሌ ጠራች ማለት ነገሩ አፋፍ ደርሷል ማለት ነው። ሽማግሌ የሚጠራው ለዱላ ነው፣ ለመጠጥ ነው፣ ለሌላ ሴት ነው፣ ለፍቺ ነው። ለዓይን ሽማግሌ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ንግግሬን ስለማመድ ከረምኩ።

እሑድ ሦስቱ መጡ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ነጭ ፂም፣ ከዘራ፣ እርጋታ፤ በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ሁለተኛው ምግብ ቤት ያለው ወዳጃችን ነው። ሦስተኛው ከሞያሌ እህል የሚያመላልስ ነጋዴ። ሳሎናችን ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሚስቴ ዞሩ።

"ልጄ፣ ሳትፈሪ ተናገሪ። መቶሻል?"

"ኧረ አልመታኝም፣ ጋሼ።"

"ጠጥቶ ይገባል?"

"ከአንድ ቢራ አያልፍም።"

"ሌላ ሴት ይዟል?"

ሚስቴ ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ማን ወስዳው፣ ጋሼ?"

ነጋዴው ሳቁን መያዝ አቅቶት አፉ ውስጥ ያለውን ሻይ ረጨው።

"ታዲያ ጉዳዩ ምንድን ነው?"

"ዓይኑ አያይም። ይታከም ነው የምለው። እስኪታከም ድረስ ደግሞ የመኪናውን ቁልፍ ለእኔ ይስጠኝ። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ሰው ገጭቷል፤ ልጄ አብራው ነበረች።"

ሦስቱ ተያዩ። እኔ የተለማመድኩትን ንግግር ልጀምር አፌን ስከፍት ባለምግብ ቤቱ ቀደመኝ።

"እህቴ፣ ይህማ የወንድ ጠባይ ነው። ወንድ ሐኪም ቤት አይወድም። እኔ ይኸው ዓመት ሆነኝ ደረቴን ሲወጋኝ። ለማን ተናገርኩ? ለሚስቴም አልተናገርኩም!"

"አሁን ተናገርክ" አለችው ሚስቴ።

"አንቺ አትነግሪያትም።"

"ደረትህን ነው?" አለ ነጋዴው እንደተናቀ ሰው። "እኔ ሞያሌ መንገድ ላይ ጥርሴ አላስቀምጥ ሲለኝ በሹፌሩ ፒንሳ ነው የነቀልኩት። ውሃ ተጉመጥምጬ መንገዴን ቀጠልኩ።"

"የታመመውን ነቀልከው?" አልኩት።

"የጎኑን። የታመመውን በሁለተኛው ነቀልኩት።"

ሰብሳቢው ደግሞ ፈገግ ብለው፣ "እኔ ቀኝ ጆሮዬ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰው ሲናገር አፉን አያለሁ፤ ይበቃኛል" አሉ። ለሁለት ዓመት የሰፈሩን ትዳር በሙሉ በአንድ ጆሮ ሲዳኙ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ሳሎኑ ሞቀ። ማን ይበልጥ ታሞ ይበልጥ ዝም እንዳለ ውድድር ሆነ። እኔም፣ አያሳፍርም ወይ፣ ተወዳደርኩ። ደጀ ሰላሙ ፊት የወደቅኩ ቀን ጉልበቴ አብጦ ለማንም እንዳልተናገርኩ አወራሁ። ሚስቴ ትሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ አራታችንንም በየተራ ታየናለች።

ጊጊሪ የሰማሁት ትዝ ሲለኝ፣ "እነሱ ይህን መርዛማ ወንድነት ይሉታል" አልኳቸው።

"ይበሉት" አሉ ሰብሳቢው። "ስም ማውጣት ይወዳሉ።"

"ለሴቱስ አላወጡም?" አለ ነጋዴው። ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ያ ሳቅ ነው ዛሬም የሚያበግነኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ሃያ ሰው ፊት አስረድቼዋለሁ፤ ምሳሌ ጨምሬበታለሁ። ምንም አልጠቀመኝም። ቃሉ ሐኪም ቤት እንደሚወጣ ካርድ ነው፤ ካርድ አውጥቶ ኪሱ ከትቶ ቤቱ የሚመለስ ሰው ታክሜያለሁ ሊል አይችልም። እንዲያውም ይባስ ብሎ መደበቂያ ሆነኝ። የሁሉም ወንድ ነገር ነው ሲባል የእኔ ዓይን መሆኑ ቀረ። ሕዝብ መሃል ገብቼ ጠፋሁ።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረጉ። "እንግዲህ ሰምተናል። አንተ ከፋሲካ በኋላ ሐኪም ትታያለህ። አንቺም ልጄ እስከዚያ ትታገሻለሽ። ቁልፉ ግን በአባወራው እጅ ይቆይ። ቁልፍ ከተወሰደበት እኮ ነገ በሰው ፊት ምን ሊመስል ነው?" ከዚያ ተነስተው መረቁን፤ ትዳራችሁን ይባርክ፣ ጤና ይስጣችሁ። ሚስቴ "አሜን" ብላ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

አሸንፌያለሁ። በአሥራ አምስት ዓመት ትዳር ውስጥ በይፋ ያሸነፍኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹን ግቢ ድረስ ስሸኝ ደረቴ ተነፍቷል። የመጡት በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ስለነበር፣ እንደ ወጉ፣ ቁልፌን ከኪሴ አውጥቼ እያቃጨልኩ "ኑ ግቡ፣ ላድርሳችሁ" አልኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"እኔ እንኳ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል" አለ ባለምግብ ቤቱ። "ለደረቴም ጥሩ ነው።"

"በእግርህ? እስከ ምግብ ቤትህ? አንድ ሰዓት ይፈጅብሃል!"

"ቀስ እያልኩ።"

ነጋዴው ሰዓቱን አየ። "እኔ እዚሁ ቅርብ የማየው ሰው አለኝ።"

"ማንን?"

"አንድ ሰው ነው" አለ፣ ከግቢው አጥር በላይ ወደ ሰማይ እያየ።

ወደ ሰብሳቢው ዞርኩ። የልብስ ቁልፋቸውን ይነካካሉ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ጮክ ብዬ "ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ!" አልኩ። እሳቸው ወደ ሚስቴ ጠጋ አሉና በጆሮዋ አንሾካሾኩ። ጆሮው የተዘጋ ሰው ሲያንሾካሽክ ግን ድምፁ እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ግቢው በሙሉ ሰማ፤ በር ላይ የተቀመጠው ዘበኛ እንኳ፣ አማርኛ የማይሰማው ሰውዬ፣ ቀና አለ።

"ልጄ፣ አንቺ ብትነጂልን አይሻልም?"

ቁልፉን እንደያዝኩ ቆምኩ። አሁን ከውስጥ ተነስተው የመጡ ሰዎች ናቸው። ቁልፉ በእኔ እጅ ይቆይ ብለው የፈረዱት እነሱ ናቸው። ልጄንና ሚስቴን በየቀኑ አሳፍሬ እንድነዳ ፈቅደውልኛል፤ እነሱ ግን ለሃያ ደቂቃ ሊሳፈሩልኝ አልፈለጉም። አንዳቸውም ዓይኔን አያዩም። ባለምግብ ቤቱ ድንገት የአበባ ፍቅር ይዞት አጥራችን ላይ ያለውን ተክል ይመረምራል። ዓይኔ ምን ያህል እንደጠፋ፣ ያን ጊዜ፣ በሦስቱ ሰዎች ጀርባ ላይ አየሁት። ጋሪ ጎታቹ ያልነገረኝን፣ የልጄ ልቅሶ ያልነገረኝን።

ቁልፉን ለሚስቴ ሰጠኋት። ሦስቱም ወዲያው ከኋላ ገቡ፤ የእግር መንገዱም፣ የሚታየውም ሰው ተረሳ።

እኔ ከፊት በግራ ተቀመጥኩ። ግራ ወንበር አገሬ ላይ የሹፌር ወንበር ነው፤ ሃያ ዓመት ከዚያ ወንበር ነድቻለሁ። አሁን ግን ፊቴ ላይ መሪ የለም። እጄን የማደርግበት አጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እግሬ ግን አልሰማም ብሎ፣ በየመጋጠሚያው የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ሚስቴ ሞምባሳ ሮድ ላይ ወጥታ፣ አደባባዩን ዞራ፣ ሁለት ማታቱ መሃል ሰክታ አስገባችው። አንድ ጊዜ እንኳ አልተንገጫገጭንም። ከኋላ ሽማግሌዎቹ ስለ ሽሮ ዓይነት ያወራሉ። ስለ ቁልፍ ያነሳ የለም። "ሹፌር ቀጠርክ እንዴ?" ያለኝም የለም። ቀልዷ የእኔ ስለሆነች ይሆናል፤ ወይም ደግሞ በሰላም መድረስ ስለፈለጉ።

ፋሲካን አልጠበቅኩም። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። አንድ ማሽን ውስጥ አገጬን አስገብተው፣ መሃል ያለውን ነጥብ እያየሁ፣ በዳር በኩል ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር አንድ ቁልፍ እንድጫን ነገሩኝ። በቀኝ ዓይኔ ጥሩ ሄደ። በግራዬ ሲሆን ግን ምንም የለም፤ ዝምታ ነው። ዝም ሲበዛብኝ ጨነቀኝና ገምቼ መጫን ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ጠቅ። አንድ፣ ሁለት፣ ጠቅ። ማሽኑን የምትይዘው ልጅ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። "ምዜ፣ ብርሃን ሳይኖር እየተጫንክ ነው። ማሽኑ ያውቃል።" ማሽን ፊት እንኳ አላየሁም ማለት አቃተኝ።

ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ነርቩን ይበላዋል፤ የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ መያዝ ይቻላል። ቀኝ ዓይኔም ጀማምሮት ነበር። በጊዜ ስለተደረሰበት እሱ ይተርፋል።

"ግራውን መቼ ነው ያስተዋልከው?" አለኝ።

"በቅርቡ..." ብዬ ጀመርኩ። ሚስቴ አጠገቤ ነች። "አራት ወር" አልኩ።

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። "ያን ጊዜ ብትመጣ ከግራውም የምናተርፈው ነበር" አለኝ።

ጠብታውን ይዘን መኪናው ጋ ደረስን። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ ገባን። ዝምታው ከበደኝ፤ እኔ ደግሞ ዝምታ ሲከብደኝ ካልቀለድኩ፣ ወይም ካልጎረርኩ አላርፍም። "ይኸው፣ ታከምኩልሽ" አልኳት። "ያ የጊጊሪ ስልጠና ሠርቷል ማለት ነው። እንግዲህ ከመርዝ የጸዳ ባል አለሽ።"

ቁልፉን ሰክታ ሞተሩን ሳታስነሳ ወደ እኔ ዞረች።

"አራት ወር ሙሉ እኔ ነገርኩህ፤ አልሰማኸኝም። ልጅህ እያለቀሰች ነገረችህ፤ ፀሐይ ነው አልካት። ሦስት ወንዶች መኪናህ ውስጥ አንገባም ሲሉህ ግን በማግስቱ ሐኪም ቤት ተገኘህ። ዓይንህ በመትረፉ ደስ ብሎኛል። ለእኔ ብለህ እንደሄድክ ግን አታስመስል።"